ኢንተርኔትን ገደል ማዶ ማሻገር፦ የረጅም ርቀት ዋይፋይ አሠራር

የደጋ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ማዶ ያለው መንደር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጧት ጧት ጭሱ ሲወጣ ታያላችሁ። ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን መውጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ያ ገደል ለእግር መከራ ነው። ለሬዲዮ ሞገድ ግን ከሜዳ የተሻለ መንገድ ነው፤ መሃል ላይ የሚጋርደው ነገር የለማ።

ይህ መመሪያ ከተማ ያለውን ኢንተርኔት በዋይፋይ ሬዲዮ 10፣ 20፣ 30 ኪሎ ሜትር አሻግሮ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ማድረስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ኮምፒውተር የሚነካካ አንድ ሰው፣ ተራራ መውጣት የማይሰለቸው አንድ ሰው ካላችሁ ይበቃል።

ነገሩ በሌላ አገር ተሠርቶ የታየ ነው። ኔፓል ውስጥ ማሃቢር ፑን የተባሉ መምህር ናንጊ የምትባለውን የተራራ መንደራቸውንና አካባቢዋን በዚህ መንገድ አገናኝተው በ2007 እ.ኤ.አ. የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሸልመዋል። በዚያው ዓመት ቬንዙዌላ ውስጥ ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊና ባልደረቦቻቸው በሁለት ተራሮች መካከል 382 ኪሎ ሜትር በዋይፋይ አገናኝተዋል። ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ደግሞ የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል የገጠር ሕሙማን በእንዲህ ዓይነት መስመር ሐኪም በቪዲዮ እንዲያማክሩ አድርጓል። የእኛ 18 ኪሎ ሜትር ከዚህ አንጻር ቅርብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁሉ የምጠቀመው ምሳሌ ይሄው እኔ የሠራሁበት የ18 ኪሎ ሜትር መስመር ነው።

በመጀመሪያ፦ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

መንደሩ ውስጥ የትኛውም ጥግ ላይ የሞባይል ዳታ የሚይዝ ቦታ ካለ እዚያ ጀምሩ። የውጭ አንቴና ያለው የ4ጂ ራውተር ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ መስቀል ከዚህ ሁሉ ልፋት ያድናል። ስልክ "አንድ መስመር" እያሳየ የሚጠፋበት ቦታ ላይ እንኳ ጥሩ አንቴና ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ሎራ ስለሚባለው ቴክኖሎጂም እጠየቃለሁ። ሎራ እውነትም ሩቅ ይሄዳል፣ ባትሪም አይበላም። የሚያስተላልፈው ግን በሰከንድ ቢበዛ በአሥር የሚቆጠር ኪሎቢት ነው። የውሃ ጋን ሞልቷል ወይስ ጎድሏል፣ የአፈሩ እርጥበት ስንት ነው ለሚል መልእክት ድንቅ ነው። ተማሪ ግን ድረ ገጽ አይከፍትበትም።

የሞባይል ዳታ ከሌለ፣ ፋይበርም ቶሎ የማይመጣ ከሆነ፣ ወደ ዋይፋይ ሬዲዮው እንሂድ።

ውሉንና ፈቃዱን አስቀድሙ

ኢንተርኔቱ ከየት ነው የሚነሳው? ከተማ ውስጥ ጥሩ መስመር ያለው፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ተቋም ፈልጉ። ኮሌጅ፣ ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴል ሊሆን ይችላል። ከኃላፊው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ቅዳሜና እሑድ ጣሪያው ላይ ማን ያስወጣችኋል? ወርሃዊውን ማን ይከፍላል? በቃል የተስማሙበት ነገር ኃላፊው ሲቀየር ይፈርሳል።

የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ምን ዓይነት መሣሪያ፣ በየትኛው ሞገድ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚፈቀድ ከእነሱ በጽሑፍ ጠይቁ። ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁም መስመሩን ለሌላ ቦታ ማካፈል ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ። ኢንተርኔቱን ለጎረቤት መሸጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ የትውልድ መንደራችሁን ትምህርት ቤት የምትረዱ ወገኖች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ሬዲዮ በሻንጣ ይዞ መምጣት ጉምሩክ ላይ ሊያስይዝ ይችላል። መጀመሪያ ደብዳቤው፣ ከዚያ ዕቃው።

ሳትገዙ ውጡና እዩ

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ይሄንን ነው። ዋይፋይ በሚጠቀምበት ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ሬዲዮው የሚሠራው ሁለቱ ጫፎች ሲተያዩ ብቻ ነው። መሃል ላይ ኮረብታ ካለ አይሠራም። ዛፍ ካለም አይሠራም፤ ዋይፋይ ቅጠልን በተለይ እርጥብ ቅጠልን አይወድም።

በጎግል ኧርዝ ሁለቱን ቦታዎች በመስመር አገናኙና የከፍታውን ምስል ተመልከቱ። ተራራ ጋርዶ ከሆነ ወዲያው ይታያል። ግን በዚህ ብቻ እንዳትወስኑ። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ በካርታ ብቻ አይቼ ሁለት ሬዲዮ ገዛሁ። ካርታው መሬቱን እንጂ ባሕር ዛፉን አላሳየኝም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶት ነበር። ዕቃው ሌላ ቦታ እስኪገኝለት አምስት ወር ካርቶን ውስጥ ተቀመጠ።

ስለዚህ ሁለት ሰው ሁለቱ ጫፎች ላይ ይውጣ። ፀሐይ ያለበት ጧት ምረጡ። አንዱ የፊት መስታወት ይዞ ፀሐዩን ወደ ማዶ ያንጸባርቅ። በ18 ኪሎ ሜትር ላይ ብልጭታው በባዶ ዓይን ሊታይ ይችላል፤ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ነው። ብልጭታውን ያያችሁበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፤ ዲሹ፣ ማለትም ሞገዱን ወደ ማዶ የሚያነጣጥረው ሳህን መሰል አንቴና፣ የሚቆመው እዚያ ነው።

መተያየት ብቻውን ግን አይበቃም። ሞገዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም። መሃሉ ላይ እንደ እንቁላል ያብጣል። ይህ ፍሬኔል ዞን ይባላል። ለ18 ኪሎ ሜትር በ5.8 ጊጋኸርዝ፣ መሃል መንገድ ላይ ከመስመሩ በየአቅጣጫው 15 ሜትር ያህል ይሰፋል። ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 9 ሜትሩ፣ ነጻ መሆን አለበት። በሜዳ ከሆነ የምድር ክብነትም 5 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። በመሃል ጥልቅ ገደል ካለ ግን ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው ጫፉ ነው። ከዲሹ 500 ሜትር ርቆ የቆመ ዛፍ አናቱ ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ባሕር ዛፍ ደግሞ በዓመት ሁለት ሦስት ሜትር ሊያድግ ይችላል። ዘንድሮ ነጻ የሆነው መስመር ከሁለት ዓመት በኋላ ይጋረዳል። ከዛፉ ባለቤት ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ ወይም ምሰሶውን ከፍ አድርጉት።

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

ይህን ክፍል የሚዘሉት ብዙ ናቸው። እባካችሁ አትዝለሉት፤ ኋላ ዲሹን ስታስተካክሉ የሚያድናችሁ ይህ ቁጥር ነው።

የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ ጭማሪውና ቅናሹ ደግሞ በዲቢ ይቆጠራል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጥሩ ነው። −60 ከ−80 በጣም ይሻላል። ሒሳቡ ቀላል መደመርና መቀነስ ነው። ሬዲዮው የሚያወጣውን ጉልበት፣ የሁለቱን ዲሾች አቅም (ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩሩበትን መጠን) ትደምራላችሁ፤ በመንገድ የሚጠፋውን ትቀንሳላችሁ። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለ18 ኪሎ ሜትር በአየር ላይ የሚጠፋው 133 ዲቢ ያህል ነው። ሬዲዮው 20 ዲቢኤም ቢያወጣ፣ ሁለቱ ዲሾች እያንዳንዳቸው 25 ዲቢ ቢኖራቸው፦

20 + 25 + 25 − 133 = −63

ማለትም ማዶ የሚደርሰው ሲግናል −63 ዲቢኤም አካባቢ መሆን አለበት። ይህ ጥሩ መስመር ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዲቢ ይቀነሳል፤ 36 ኪሎ ሜትር ላይ −69 ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። የተፈቀደላችሁ ጉልበት ከዚህ ካነሰም ያንኑ ያህል ከውጤቱ ቀንሱ። ያገኛችሁትን ቁጥር ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉና ወደ ጣሪያ ስትወጡ ይዛችሁት ውጡ።

ዕቃው

ሬዲዮና ዲሹ አንድ ላይ የተገጠሙ ዕቃዎች ይሻላሉ፤ በመሃል ሲግናል የሚበላ ገመድ የላቸውም። ዩቢኩቲ፣ ሚክሮቲክ፣ ካምቢየም፣ ቲፒ ሊንክ ሁሉም ይሠራሉ። ዋናው ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከተቻለ ሦስተኛ ግዙ። አንዱ መብረቅ ሲመታው ትርፉ መደርደሪያ ላይ ካለ ትምህርት ቤቱ በማግሥቱ ይመለሳል።

ከዲሹ ወደ ቤት የሚወርደው የኔትወርክ ኬብል ለውጭ የሚሆን፣ ፀሐይ የማያደርቀው፣ ውስጡ በፎይል የተሸፈነ ይሁን። ከ100 ሜትር አይብለጥ። መብራቱም በዚሁ ኬብል ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው ትንሽ አዳፕተር ለዚያ ነው።

መብረቅን በተመለከተ ደግሞ አትሰስቱ። ደጋ ላይ ክረምት መብረቁ ብዙ ነው፣ እናንተ ደግሞ ከፍታ ላይ ብረት ልትተክሉ ነው። ምሰሶውን በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር አገናኙ። መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ላይ ይሁን። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ ይግባበት። ከምሰሶው አናት ላይ ወጣ ያለ ሹል ብረት ይኑር፤ ዲሹ ከሱ ዝቅ ይበል።

ሴቲንጉን ጠረጴዛ ላይ ጨርሱ

ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ነፋስ እየገፋ፣ ፀሐይ ስክሪኑን እያጠፋው ሴቲንግ መሥራት ያንገበግባል። ሁለቱንም ሬዲዮ አንድ ክፍል ውስጥ አገናኙና ሁሉንም እዚያ ጨርሱ። ጉልበታቸውን ዝቅ አድርጉት፤ በቅርብ ርቀት በሙሉ ኃይል መጮህ አይወዱም።

ሶፍትዌሩን አድሱ። ፓስወርዱን ቀይሩ። አገሩን በትክክል ምረጡ። የከተማው ሬዲዮ አክሰስ ፖይንት (መስመሩን የሚከፍተው)፣ የመንደሩ ስቴሽን (ከሱ ጋር የሚያያዘው)፣ ሁለቱም ብሪጅ (የመጣውን እንዳለ የሚያሳልፉ) ይሁኑ። ዋይፋዩን ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴ ቆልፉት። አድራሻ ስጧቸው፤ ለምሳሌ የከተማው 192.168.10.2፣ የመንደሩ 192.168.10.3። እነዚህን አድራሻዎች በማርከር ሬዲዮው ጀርባ ላይ ጻፉ።

ሁለት ነገር ላይ ቆም በሉ። አንደኛው የርቀት ሴቲንግ ነው። ዋይፋይ መልእክት ልኮ "ደርሶኛል" የሚል መልስ ይጠብቃል። ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ነው የሚሄደው። 18 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 60፣ ለመመለስ 60፣ በድምሩ 120 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። የቤት ዋይፋይ ይህን ያህል አይጠብቅም፤ መልሱ ሳይደርሰው "ጠፋ" ብሎ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ ርቀቱን ከትክክለኛው ትንሽ አስበልጣችሁ፣ 20 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ሙሉ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ተራ በተራ የማውራት የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ ካለ እሱን አብሩት።

ሁለተኛው የቻናሉ፣ ማለትም ሬዲዮው የሚጠቀምበት የሞገድ ክልል፣ ስፋት ነው። በ20 ሜጋኸርዝ ጀምሩ። 40 ወይም 80 ፍጥነቱ የሚያጓጓ ቢሆንም የሌሎች ሬዲዮዎችን ጫጫታ አብሮ ይሰበስባል። በ−63 ሲግናል፣ አየሩ ንጹሕ ከሆነ፣ በ20 ሜጋኸርዝም በአሥር የሚቆጠር ሜጋቢት በሰከንድ ታገኛላችሁ። ለአንድ ትምህርት ቤት ከበቂ በላይ ነው።

መስቀልና ማስተካከል

ዝናብ ካለ አትውጡ። ብቻችሁን አትውጡ። ቀበቶ እሰሩ። የመብራት ኃይል ሽቦ አጠገብ ምሰሶ አታቁሙ። ከዚህ በላይ ለማብራራት አልፈልግም፤ ሕይወት ነው።

ኬብሉ ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይውጣ፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ብሎኖቹን መጀመሪያ ዲሹ በእጅ ገፋ ሲደረግ በሚንቀሳቀስበት ልክ ብቻ እሰሯቸው።

አሁን ማስተካከሉ። የ25 ዲቢ ዲሽ ጨረር 10 ዲግሪ ያህል ስፋት አለው። 1 ዲግሪ በ18 ኪሎ ሜትር ላይ ከ300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በዓይን ግምት መጀመር ይቻላል፣ መጨረስ ግን አይቻልም። ሕጉ አንድ ነው፦ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አይነካ። አንዱ ጫፍ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱ፤ በየትንሹ ቆም ብላችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ከፍተኛውን ካገኛችሁ እዚያ ያዙትና ወደ ላይና ወደ ታች ፈልጉ። ከዚያ ተራው የማዶኛው ነው።

የእኛን ቀን አልረሳውም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ ጓደኛዬ ከተማ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መሰላሉን ይዘውልኛል። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ የቆመ አንድ ተማሪ የጓደኛዬን ቃል በስልክ ሰምቶ ወደ እኔ ይጮሃል።

"ትንሽ ወደ ግራ ይበሉ ነው የሚለው!"

"አሁንስ?"

"ቆይ... ቆይ... ያዘ! ሰማንያ አንድ!"

−81። ተያያዘ! ሰዉ አጨበጨበ። ጓደኛዬም እንውረድ አለ። ዘበኛው ግን ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ጧት ሳሳያቸው አይተውት ነበር። "ልጄ፣ አንተ ሥልሳ ሦስት ነው ያልከኝ" አሉ። ልክ ነበሩ። 18 ዲቢ የት ገባ?

ነገሩ ይህ ነው። ዲሽ ከዋናው ጨረር ሌላ በጎኑ ደካማ ጨረሮች አሉት። ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ ከጎን ጨረሩ ጋር ስትገናኙ ሲግናል ታገኛላችሁ። በትንሹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስታንቀሳቅሱት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጫፍ ላይ የደረሳችሁ ይመስላችኋል። ዋናው ጨረር ግን ገና ራቅ ብሎ ነው ያለው። እኔ ዲሹን ደፍሬ ወደ ቀኝ አስኬድኩት። ቁጥሩ ወርዶ ጠፋ። ልቤ ቀጥ አለ። እንደገና ብቅ አለ። ሰባ አራት... ስድሳ ስምንት... ስድሳ አራት። ከሒሳቡ በአንድ ዲቢ ነው ያነሰው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብሎኑን አጠበቅን።

በወረቀታችሁ ካለው ቁጥር እስከ 3 ወይም 4 ዲቢ ብታንሱ ችግር የለውም። ከ10 በላይ ካነሳችሁ አትውረዱ። ወይ የጎን ጨረር ነው፣ ወይ የሚጋርድ ነገር አለ። ብሎኑን ስታጠብቁም ቁጥሩን እያያችሁ ይሁን፤ ሲጠብቅ ዲሹን የሚያንሸራትት ብሎን አለ።

መብራቱ

መስመሩን ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው ባትሪ ነው። ሬዲዮው 8 ዋት፣ የመንደሩ ራውተር 7 ዋት ይበላል እንበል። 15 ዋት በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ነው። ክረምት ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ላትወጣ ትችላለች፤ ስለዚህ 1080 ዋት ሰዓት መጠባበቂያ ያስፈልጋል። የሶላር የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። እጥፍ አድርጉት፦ 2160። በ12 ቮልት 180 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባለ 100 ሁለት ባትሪ ማለት ነው። የመኪና ባትሪ አትጠቀሙ፤ ለሞተር ማስነሻ እንጂ ለዚህ አልተሠራም።

ለፓኔሉ በክረምት በቀን 3 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ፣ ከዚያም 30 በመቶ ብክነት አስቡ። 171 ዋት ይመጣል፤ 200 ዋት ግዙ። ቻርጅ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን መሙላት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ባትሪው ሲወርድ ራሱ የሚያጠፋ ይሁን። እና እባካችሁ፣ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ለብቻው ሌላ ትንሽ ፓኔልና ባትሪ ይኑረው። መንደሩ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። ከሬዲዮው ባትሪ ላይ ከሆነ ግን ማታ መስመሩ ይሞታል።

ኢንተርኔቱን ማብቃቃት

20 ሜጋቢት ለ40 ኮምፒውተር ሲከፋፈል አንድ ተማሪ ቪዲዮ ከከፈተ ሌላው ይቆማል። ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የፍጥነት ጣሪያ አብጁ። ከዚያ በተጨማሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጡና ኪዊክስ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ጫኑበት። ተማሪዎች በውስጥ ኔትወርክ ያለ ኢንተርኔት ያነቡታል። የመማሪያ መጻሕፍት ፒዲኤፍም እዚያው ይቀመጥ። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ክፍሉ ባዶ አይሆንም።

የሚጠብቀው ሰው

ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አሠልጥኑ። አንድ ብቻ አይበቃም፤ መምህር ይዛወራል። ኮኔክተር (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) በራሳቸው እጅ ይግጠሙ፣ እናንተ ቆማችሁ እዩ። የባትሪ ውሃ ይጨምሩ። ፓኔሉን በሳምንት አንዴ ከአቧራ ይጥረጉ። ሬዲዮው ውስጥ ገብተው ሲግናሉን ያንብቡ።

አንድ ደብተር ስጧቸው። ሰኞ ሰኞ ቀኑ፣ የሲግናሉ ቁጥር፣ የባትሪው ቮልት ይጻፍ። −64፣ −64፣ −65 እያለ የቆየው በአንድ ሳምንት −72 ከሆነ ነፋስ ዲሹን አዙሮታል። በየወሩ በአንድ በአንድ ዲቢ እየወረደ ከሆነ ባሕር ዛፉ እያደገ ነው። ከዝናብ በኋላ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። እኛ ጋ ደብተሩን የሚጽፉት ያው ዘበኛው ናቸው፤ ከባትሪው ሳጥን አጠገብ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡታል።